ግድግዳው ሲለካ፣ ሰፈሩ ሲቀር

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር «ለልማት ይፈለጋል» ሲባል ቀድሞ የሚደርሰው ሜትር የያዘ ሰው ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ነው ወይስ አፈር፣ ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ ፈጀ፣ ኮርኒስ አለው ወይስ የለውም፣ በሩ የእንጨት ነው ወይስ የብረት፤ ይህ ሁሉ በቅጽ ላይ ይሰፍራል። ቅጹ ቦታ ያላዘጋጀላቸው ነገሮች ግን አሉ። ከበሩ እስከ ገበያው ያለው የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ በየማለዳው እንጀራ የሚወስዱ ደንበኞች፣ ወር ሳይሞላ ገንዘብ ሲያልቅ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ለሃያ ዓመት መዋጮ የተከፈለበት ዕድር፣ ልጅ በእግሩ ደርሶ የሚመለስበት ትምህርት ቤት። እነዚህ በሜትር አይለኩምና ከሒሳቡ ውጭ ይቀራሉ። ቤተሰቡ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሰፍር ግን ጎድሎ የሚያገኘው እነዚሁኑ ነው። የከተማ ድሃ ሀብት በአብዛኛው ያለው በቦታው ላይ ነው፤ ሕጋችን የሚለካው ግን ግድግዳውን ነው። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ ሕግ የድሃውን ጥቅም ሊጠብቅ የሚችለው መጀመሪያ ስም ሲሰጠው፣ ቀጥሎም ቤቱ ሳይፈርስ በፊት ሲሰማው ነው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ወደ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መመለስ ግድ ይላል። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለውንም «ትርፍ ቤት» ብሎ ወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። የርካሽ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ስለ አዋጁ ብዙ የተጻፈው ከባለቤቶች ወገን ነው፤ ምን እንደ ተወሰደባቸው። ለተከራዩ የተሰጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ ስም አልወጣለትም። ባለቤት አልሆነም። ሆኖም አከራይ በፈለገ ጊዜ «ውጣ» የማይለው፣ ኪራይ የማይጨመርበት፣ ሲሞት ቤቱ ለትዳር ጓደኛው ወይም አብሮት ለኖረው ልጅ የሚቀርለት ሰው ሆነ። ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ በዚያ ገንዘብ ደግሞ ቀበሌ ቤት ሊያድስ አይችልም። ስለዚህ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የቀየረው፣ ግድግዳው ሲያዘም ደግፎ የመረገው፣ ማድቤት የቀጠለው፣ ልጆች ሲበዙ ቆጥ የሠራው ተከራዩ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ በወረቀት ላይ የለም።

ይህን ጥቅም ለማየት የኢኮኖሚክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቤተሰብ ለቀበሌ በወር ጥቂት አሥር ብሮች ይከፍላል እንበል፤ በዚያው ሰፈር ያለች ጠባብ የግለሰብ ክፍል ደግሞ በሺዎች ትከራያለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየወሩ ወደ ቤተሰቡ ኪስ የሚገባ የማይታይ ገቢ ነው። ገንዘቡ በእጅ ባይቆጠርም የልጅ ደብተር፣ የመድኃኒትና የዱቄት መግዣ ሆኖ ይወጣል። አንድን ሀብት ሀብት የሚያሰኘው ይህ ነው፤ በየጊዜው ጥቅም ይሰጣል፣ ከባለቤቱ ሲወሰድ ኑሮው ይናጋል። ባንክ መያዣ አድርጎ አይቀበለውም፣ በውልና ማስረጃ አይሸጥም፤ ቢሆንም ብዙ የከተማ ቤተሰብ በሕይወቱ ካፈራው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው።

አሁን ሕጉን እንመልከት። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ ሕግ ሆኖ ለአሥራ አራት ዓመታት ያህል የሠራው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳ የሚሰጠው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነበር፤ የሚሰጠውም በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ነው። የቤት ካሳ የሚሰላው ያንን ቤት ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ሲሆን፣ ቢያንስ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ዝቅተኛ ቤት ከምታስወጣው እንዳያንስ ወለል ተቀምጦለታል። ቦታው የት ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ከቦታው የሚመነጨው ዋጋም የነዋሪው አይደለም ተብሎ ይታሰባል። ክርክሩ ለራሱ ወጥ ይመስላል፤ ወጥነቱ የሚፈርሰው ያው መሬት ተጠርጎ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ነበር። ገዢው ለአፈሩ አይደለም ያን ያህል ያቀረበው፤ ለመርካቶነቱ ነው። እንግዲህ ቦታ ሰው ሲወጣበት ዋጋው ዜሮ ነው፣ ሰው ሲገባበት ደግሞ ከሕንፃው ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ማን ከፈለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ለማግኘት ብዙ አይደክምም።

ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከዚህ ሰፋ ያለ ዓይን አለው። አንቀጽ 40 ስለ ንብረት ይናገራል፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ ዜጋ በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት ያለው መሆኑን፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ንብረት ቢወስድ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። የካሳ ክርክሮች ሁሉ የሚሽከረከሩት በዚህ አንቀጽ ዙሪያ ነው። ጥቂት ገጾች አልፈን አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ስንደርስ ግን ቋንቋው ይለወጣል። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል፤ በመንግሥት በቂ ርዳታ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። እዚህ ላይ «ባለቤት» የሚል ቃል የለም። «ባለይዞታ» የሚልም የለም። መለኪያው ኑሮ ነው። ካርታ የሌላት እንጀራ ጋጋሪ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ ከተከራዩ ጋር የሚኖር ደባል፣ በጓሮ ክፍል የተከራየ የቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ይገባሉ። በእኔ አስተያየት በኢትዮጵያ የከተማ ሕግ ውስጥ እንደዚህ አንቀጽ ያለ ሥራ የፈታ ድንጋጌ የለም።

አዋጅ ቁጥር 455ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በዚህ አቅጣጫ አንድ እርምጃ ሄዷል። ለተነሺው የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። ዕድርና ጉርብትና በኢትዮጵያ የካሳ ሕግ ውስጥ በዚህ ቋንቋ ሲገቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕጉ በራሱ አፍ «ሰፈር ዋጋ አለው» አለ ማለት ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ዕጣ ግን በአብዛኛው በከተማው መመሪያ እጅ ነው የቆየው። በመልሶ ማልማት የተነሱ ተከራዮች በተለምዶ የሚቀርብላቸው ምርጫ ሁለት ነበር፤ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት። ኮንዶሚኒየሙ በእርግጥ የባለቤትነት በር ይከፍታል፤ ቅድመ ክፍያውን አሟልቶ፣ የባንኩን ወርሃዊ ዕዳ ችሎ የቆየ ቤተሰብ ከቀድሞው የተሻለ ሀብት ይዟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ቅድመ ክፍያ የሚጠይቅ ማካካሻ ለድሃ ማካካሻ መሆኑ ያጠራጥራል። ከፍሎ የገባው ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ከዚያ የረከሰ ክፍል ፍለጋ ይወጣል። መክፈል ያቃተው ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል፤ ያም ቤት በሌላ ፕላን ላይ ቀይ መስመር የሚያልፍበት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሕግ ባለሙያዎች የሚሰማው ነው፤ «ተከራይ ተከራይ ነው፤ አከራዩ መንግሥት ስለሆነ ብቻ ባለንብረት ልታደርጉት ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በራሳችን ሕግ ውስጥ ተቀምጧል። ጥቅም የሚጠበቀው ባለቤትነት ሲኖር ብቻ ነው የሚል መርህ በኢትዮጵያ ሕግ ኖሮ አያውቅም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይዞታን ከባለቤትነት ለይቶ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 1149 መሠረት ይዞታውን የተነጠቀ ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ አቅርቦ እንዲመለስለት ወይም እንዲወገድለት ይጠይቃል። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለውን ክስ የማያውቅ የፍርድ ቤት ደጅ የለም። ዳኛው ቀድሞ የሚጠይቀው «ባለቤቱ ማነው?» ብሎ አይደለም፤ «በእጁ ያደረገው ማን ነበር? በምን አኳኋን ተወሰደበት?» ብሎ ነው። የግል ንብረት እጅግ በሚከበርበት አገር ሳይቀር ተከራይ የራሱ ጥቅም እንዳለው ይታወቃል። ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩባት በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ፣ አከራይ ሕንፃውን ሊሸጥ ሲል ተከራዮች የመግዛት ዕድል ቀድሞ እንዲሰጣቸው ያስገድዳል። ወሰኑ ከጊዜ በኋላ ቢጠብም መሠረቱ አልተነቀለም፤ በቤቱ ውስጥ መኖር ራሱ በቤቱ ዕጣ ላይ ድምፅ ያሰጣል።

ሌላው ወገን ደግሞ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል፤ «ለምን ዙሪያ ጥምጥም? ካርታ ስጧቸውና ይገላገሉ» ይላል። የፔሩው ኢኮኖሚስት ኤርናንዶ ደ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በዓለም ዙሪያ አሰራጭቶታል፤ ድሃው ሀብት አለው፣ የጎደለው ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ሲሰጠው ባንክ ያበድረዋል፣ ካፒታል ይፈጠራል። ሐሳቡን ለመፈተን በቦነስ አይረስ ዳርቻ ከሆነው የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 1,800 የሚጠጉ ቤተሰቦች ሶላኖ በተባለ አካባቢ የመንግሥት መስሏቸው የግለሰቦች መሬት ላይ ሰፈሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምክር ቤቱ መሬቱን ከባለቤቶቹ በካሳ ወስዶ ለሰፋሪዎቹ ለመስጠት ሕግ አወጣ። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ካሳውን ተቀበሉ፣ ሌሎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ። ስለዚህ ጎን ለጎን የሚኖሩ፣ በኑሮም በትምህርትም የማይለያዩ ቤተሰቦች በዕድል ብቻ ከሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ካርታ አገኘ፣ ገሚሱ ሳያገኝ ለዓመታት ቆየ። ጋሊያኒና ሻርግሮድስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ካርታ ያገኙት በቤታቸው ላይ ያፈሰሱት ሀብት በ37 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ ቤተሰባቸው አነስ አለ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ገፉ። ብድርን በተመለከተ ግን የታየው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከዚህ ጥናት የምወስደው ቁም ነገር ደ ሶቶ ከፈለገው ይለያል። ቤተሰቡን የለወጠው ከባንክ የመጣ ገንዘብ አልነበረም፤ ነገ አልባረርም የሚል እምነት ነው። በፔሩ ከተሞች የተደረገው የኤሪካ ፊልድ ጥናትም ወደዚሁ ያመራል፤ ካርታ ያገኙ ቤተሰቦች ከቤት ውጭ የሚሠሩበት ሰዓት ጨመረ፤ አንድ ሰው ቤት ሊጠብቅ መቅረቱ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። ዋስትናው ዋነኛ ከሆነ ደግሞ ዋስትናን በሌላ መንገድ መስጠትም ይቻላል ማለት ነው። መሬት በማይሸጥበት አገር ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። ለድሃው የሚሸጥ ወረቀት ከመስጠት የማይነጠቅ ይዞታ መስጠት ይቀላል፤ ከደላላና ከቸገረው ቀን ሽያጭም ይጠብቀዋል።

ከቀበሌ ቤት ወጥተን ወደ ጨረቃ ቤት ስንሄድ ጉዳዩ ይከብዳል። በአንድ ሌሊት የሚቆመው፣ ስሙንም ከዚያው ያገኘው ቤት በሕግ ፊት ምንም ነው። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን መሬት የሚመለከተው አካል የሰባት የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያለ ካሳ እንዲያስለቅቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ማስጠንቀቂያው ባለቤቱ ካልተገኘ በቤቱ ላይ ይለጠፋል። የትናንት ማታውን አጥርና የአሥራ አምስት ዓመቱን ጎጆ፣ አንድ ደላላ ለመሸጥ ያጠረውን ቦታና አንዲት መበለት የምትኖርበትን ክፍል ይህ ሰባት ቀን አይለያቸውም። መንግሥት ራሱ ልዩነቱን በሌላ እጁ ያምናል፤ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን በአየር ካርታ እየለየ፣ በካርታው ላይ የታየውን ሥርዓት ሲያስይዝ ኖሯል። መለየት ይቻላል ማለት ነው፤ የጎደለው መለየቱን ቋሚ ሕግ ማድረጉ ነው።

«ሕገ ወጥነትን መሸለም ነው» የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይመጣል፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። በከተማችን ዳርቻ በድሃ ስም መሬት የሚያጥር፣ ነገ ካርታ ይሰጣል እያለ የሚቸበችብ ሰው ሞልቷል። ዛሬ በይቅርታ የተሰጠ ካርታ ለነገው ወራሪ ግብዣ ይሆናል የሚለው ስጋት እውነት አለው። ብራዚሎች ለዚህ የሰጡት መልስ በጣም ጠባብ በመሆኑ ደስ ይላል። የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 183 በከተማ ውስጥ ከ250 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ላይ ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥና ያለ ተቃውሞ የኖረ፣ ቦታውን ለራሱና ለቤተሰቡ መኖሪያ ያዋለ፣ ሌላ ቤትም ሆነ መሬት የሌለው ሰው ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ። ማስረጃው የጋብቻ ሁኔታ ሳይለይ ለወንዱ፣ ለሴቷ ወይም ለሁለቱም ይሰጣል። አራት ቦታ ያጠረ ደላላ በዚህ ወንፊት አያልፍም፤ የምትኖርበት አንድ ክፍል ብቻ ያላት ሴት ታልፋለች። ለእኛ የሚቀርበው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። አንቀጹ በመንግሥት መሬት ላይ አይሠራም ነበርና እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ድንጋጌ ተመሳሳይ መመዘኛ ያሟሉ የመንግሥት መሬት ሰፋሪዎች ባለቤትነት ሳይሆን ለመኖሪያ የመጠቀም ልዩ መብት በነፃ እንዲያገኙ ተደረገ። ቦታው ለአደጋ የተጋለጠ ከሆነ መብቱ በሌላ ቦታ ላይ ይሰጣል። መሬት ሁሉ የመንግሥት በሆነበት አገር ለመቅዳት የሚያስቸግር ምን አለው?

እስካሁን ስለ መብት ስም ነው የተናገርነው። ከስሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ ዕጣን የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ማን መጀመሪያ ይናገራል፣ ዳኛው ወይስ ዶዘሩ? በአዋጅ 455 ዘመን የካሳው መጠን አንሶኛል ብሎ ይግባኝ የሚል ባለይዞታ መሬቱን ያስረከበበትን ማስረጃ ከይግባኙ ጋር ማያያዝ ነበረበት። ያስረከበው ቤት ከፈረሰ በኋላ ዳኛው ምን ያያል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ክርክሩም በገንዘቡ ልክ ብቻ የታጠረ ነበር፤ «ለልማቱ በእርግጥ ይህ ሰፈር ነው ወይ የሚያስፈልገው?» ብሎ መጠየቂያ በር አልነበረውም።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በኦልጋ ቴሊስ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ በብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። የቦምቤይ ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ ጎጆ የቀለሱ ድሆችን ሊያነሳ ሲነሳ፣ ፍርድ ቤቱ በሕይወት የመኖር መብት የመተዳደሪያ መብትንም ይጨምራል፤ ሰውን ከሚሠራበት አካባቢ ማፈናቀል ሕይወቱን መንጠቅ ሊሆን ይችላል አለ። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ በላይ በግልጽ ተነግሮ አያውቅም። የፍርዱ መጨረሻ ግን ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ ከተማው ማንሳት ይችላል፣ የክረምቱ ዝናብ እስኪያልፍ ብቻ ይታገስ ተባለ። ምትክ ቦታ እንዲሰጣቸው የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1976ቱ ቆጠራ መታወቂያ ካርድ ለተሰጣቸው ነዋሪዎች ነበር። መብቱ በፍርዱ ሐተታ ውስጥ ቀረ፤ ሰውን ያዳነው ካርድ ነው።

ደቡብ አፍሪካውያን ከአፓርታይድ የመፈናቀል ታሪካቸው ተምረው ሌላ መንገድ ያዙ። ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 26 ማንም ሰው ፍርድ ቤት ሁኔታዎችን ሁሉ አይቶ ሳያዝ ከቤቱ አይወጣም፣ ቤቱም አይፈርስም ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አዋጅ ደግሞ ይህን ጥበቃ ያለ ፈቃድ ለሰፈረውም ዘረጋለት። ዳኛው ማባረሩ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑን፣ ሕፃናትና አረጋውያን እንዳሉ፣ የሚሄዱበት እንዳላቸው ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍርድ በተሰጠበት በኦሊቪያ መንገድ ጉዳይ የጆሃንስበርግ ከተማ ከ400 በላይ ሰዎችን ከአደገኛ ሕንፃዎች ሊያስወጣ ሲል ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ከነዋሪዎቹ ጋር በቁም ነገር ተነጋግራችሁ ኑ አላቸው። ተነጋገሩ፤ ከተማው ለጊዜው ውኃና መጸዳጃ ሊያስገባ፣ የእሳት ማጥፊያ ሊያቀርብ፣ በኋላም እዚያው መሀል ከተማ ውስጥ በሌሎች ሕንፃዎች ሊያስጠልላቸው ተስማማ። «መሀል ከተማ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ሰዎቹ ከቦታው አልራቁም፤ ሥራቸው አብሯቸው ቀረ። አደገኛው ሕንፃም ተለቀቀ። ዳኛ ቀድሞ በመስማቱ የተጎዳ ወገን አልነበረም።

ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደው የከተማው ነው። አዲስ አበባ እንዳለች ትቀመጥ ወይ? አንድ መጸዳጃ ለአሥር ቤተሰብ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ መተላለፊያ፣ የቆሻሻ ውኃ በደጃፍ። ይህን እንደ ቅርስ የሚያወድስ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ የማይኖር ሰው ነው። መንገድ፣ ፍሳሽ፣ ፎቅ ያስፈልጋል፤ ልደታ ሲፈርስ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሳ የቀረበውም ምክንያት ይኸው ነው። የእኔ መልስ ከተማው አይለወጥ የሚል አይደለም። ለውጡ ወጪ አለው፤ ጥያቄው በማን መዝገብ ላይ ይጻፍ ነው። ካሳው ሲያንስ ወጪው አይጠፋም፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰነድ ወጥቶ ወደ ተነሺው ቤት ይገባል፣ የትራንስፖርት ሒሳብ፣ የተቋረጠ ዕድር፣ የጠፋ ደንበኛ ሆኖ። በሰነዱ ላይ ስለማይታይም ፕሮጀክቱ ከእውነተኛ ዋጋው ረክሶ ይታያል። ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ከተማ ሲያፈርስ ያስባል፤ የግድ የሚፈርሰውንና ሊታደስ የሚችለውን ይለያል። ከሊዙ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለተነሺዎች ይመደብ፣ ከሚሠራው ሕንፃ የተወሰነ ክፍል ለቀድሞ ነዋሪዎች በቀድሞው ቦታ ይቆይ ቢባል አገር አይፈርስም።

በመጨረሻ ሕግን ከሚችለው በላይ እንዳናስሸክመው አንድ ነገር መነገር አለበት። ከኬፕ ታውን ወጣ ብሎ በዎለስዲን በስፖርት ሜዳ ላይ በላስቲክ ሥር የቀሩ 900 የሚሆኑ ሰዎች፣ ከእነርሱም 510 ሕፃናት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በመንግሥት ላይ ታላቅ ፍርድ አገኙ። ፍርዱ የሚጠራው በከሳሿ በአይሪን ግሩትቡም ስም ነው፤ የቤት ፕሮግራም የመጨረሻ ችግር ላይ ያሉትን የሚረሳ ከሆነ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ይላል። እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ስትሞት ገና ቤት አልደረሳትም ነበር። ፍርድ የሚፈጸመው ተከታትሎ የሚያስፈጽም ሲኖር ነው፤ ለዚያም ጠበቃ፣ ጊዜና የተደራጀ ሰፈር ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ የተደራጀ ሰፈር ለመፍጠር ከባዶ መነሳት አያሻም፤ ዕድር መዝገብ፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ያለው ተቋም ነው። በቀብር ቀን ድንኳን የሚተክል ማኅበር የካሳ ስብሰባ ሲጠራም አባላቱን ወክሎ ቢገኝ ሥልጣኑን ማን ይከለክለዋል?

እስከዚያው ይህን ምዕራፍ በቀበሌ ቤት ወይም በሰነድ አልባ ይዞታ ላይ ሆነው ለሚያነቡ አንድ ቃል አለኝ። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ የሚመሰክርልዎ ወረቀት ነው። የኪራይ ውልና ደረሰኝ፣ የውኃና የመብራት ቢል፣ የግብር ወረቀት ካለ እርሱን፣ የዕድር ደብተርዎን፣ የቀጠሉትን ማድቤትና የቀየሩትን ጣሪያ የሚያሳይ ቀን ያለበት ፎቶግራፍ፣ ሁሉንም ኮፒ ያድርጉ። ቅጂውንም ከዚያ ቤት ውጭ፣ የሚያምኑት ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ።